የጀማል ከረምቡላና ዝም ያልኩባት ቀን

እኔ ታዬ፣ አዋሽ ሰባት ላይ "ታዬ ሬዲዮ" እየተባልኩ የምጠራው ሰውዬ፣ አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ አንዲት ቃል ከአፌ ሳትወጣ ውያለሁ።

አውቃለሁ፣ አታምኑኝም። ሚስቴም ስነግራት "ምነው? ታመህ ነበር?" ብላ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ "የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ይሆናል" አሉ። ይበሉ። እኔ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ስጨርስ ትፈርዳላችሁ።

ያን ጊዜ አዋሽ ከተማ ውስጥ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ነበረችኝ። በር፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ እንጨት ይሁን እንጂ የማልሠራው የለም። ማንም አላስተማረኝም። ለእኔ ትምህርት ቤት ማለት የተሰበረ ወንበር ነው፤ ፈታሁት፣ አየሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። የመጀመሪያዋን ወንበሬን የገዛኝ ሰውዬ እስከ ዛሬ ቆሞ ነው ሻይ የሚጠጣው፤ እሱ ግን የራሱ ጠባይ ነው።

በመላጊያ ማንም አይደርስብኝም ነበር። "እኔ የላግኩት ሳንቃ ላይ ዝንብ ብታርፍ አዳልጧት ትወድቃለች" እል ነበር። ሰው ይስቃል። እኔ የምሬን ነበር። ዝንብ ከሳንቃዬ ላይ ብድግ ስትል ባየሁ ቁጥር "አያችሁ! ተረፈች!" እላለሁ።

ጀማል የልብ ጓደኛዬ ነው። የጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሾፌር ነበር፤ አዋሽ ሲደርስ እኔ ጋ ሳይወርድ አያልፍም። አንድ ቀን ጭነት ሲያስር ብረት እግሩ ላይ ወደቀበት። እግሩ ዳነ፣ ፍሪሲዮን መርገጥ ግን እምቢ አለ። ፍሪሲዮን የማይረግጥ ሾፌር ምን ይሆናል? ገዋኔ ገባ። ሚስቱ ሻይ ከምትሸጥበት ቤት ጎን ዳስ ጣለና ከረምቡላ ቤት ልከፍት ነው አለ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ከባድ መኪና ሾፌር ገዋኔ ሲያድር ምን ይሠራል? ሻይ ይጠጣል፣ ይዋሻል፣ ከረምቡላ ካገኘ ይጫወታል። አረፋ ሲሆን ደግሞ ከየሜዳው ሰው ይገባና ገዋኔ ጢም ትላለች።

"በአረፋ ካልከፈትኩ አለቀልኝ" አለኝ። "ሚስቴ ልጆቹን ይዛ ባቲ እናቷ ጋ ልትገባ ነው። እኔም ዘበኛ ልቀጠር ነው። ወላሂ፣ በዚህ እግር ሌባ ሳባርር አስበኝ እስቲ!"

የተሠራ ጠረጴዛ ከመሃል አገር ማስመጣት አይችልም። ያለው ሳንቃ ብቻ ነው። ፕሮሶፒስን ታውቁታላችሁ? ያ የግጦሹን ሜዳ ሁሉ የወረረው እሾሃም ጉድ! ከብት ጠባቂው ይረግመዋል፣ ሾፌሩ ጎማው ሲበሳበት ይረግመዋል። ከውስጡ ግን እንደ ብረት የጠነከረ ቀይ እንጨት አለው። ጀማል ገና በሁለት እግሩ ሲሄድ ግንዱን አሰንጥቆ፣ ሳንቃውን ጣሪያ ሥር ደርድሮ አድርቆት ኖሯል። ሌላ ትርፍ እንጨት የለውም፤ ይሄው ነው። አዋሽ አስጭኖ አመጣልኝ፤ እኔ ጎን ለጎን በኮላ አጣብቄ አንድ ትልቅ ገበታ አደረግኩለት።

እንግዲህ ከረምቡላ ማለት ኳስ የሚንከባለልበት ገበታ ነው። ላዩን አረንጓዴ ጨርቅ ይለብሳል። ጨርቁ ዓይን ይሸፍናል እንጂ ኳስ አያታልልም፤ ሥሩ ፀጉር ታህል ከዘመመ ኳሱ ይናገራል።

ላግኩት። ላቤ እስኪንጠባጠብ ላግኩት። ጀማል ኳስ አምጥቶ ለቀቀ። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች፣ መሃል ላይ እንደማሰብ አለች፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፋ ጥግ ገባች።

"ኳሷ ናት ጠማማ" አልኩ።

ሌላ ኳስ ለቀቀ። እሷም ግራ።

"ታዬ፣ ኳሶቹ ተማክረው ነው?"

"ከተማው ራሱ ወደ ገደሉ ያዘመመ ነው። አዋሽን አታውቃትም?"

"እንግዲያው ገዋኔ ወደ የት እንደምታዘም ጠይቄ ልምጣልህ?" አለ። ቀጥሎ ግን ሳይስቅ፣ "ሰመራ ማሽን አለ ይላሉ። ሙሉ ገበታ ባንዴ አስገብቶ የሚያለሰልስ" አለኝ።

ማሽን! የታዬ እጅ እያለ! ለሁለት ቀን አኮረፍኩት። ከዚያ ማሽኑ ሲዋረድ ለማየት አብሬው ሄድኩ።

የጀማል የድሮ ጓደኛ በአይሱዙ ጫነን። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ የማያውቀው አያምነኝም፣ የሚያውቀው ደግሞ ማስታወስ አይፈልግም። ፀሐዩ ገበታውን ይሰነጥቅብናል ብዬ ፈራሁ። መላ ደግሞ ከእኔ አይጠፋም። እኛ አገር ውሃ የሚቀዘቅዘው እንዴት ነው? ጀሪካኑን ጆንያ ታለብሰዋለህ፣ ጆንያውን ታርሰዋለህ፣ ነፋሱ የቀረውን ይሠራል። ታዲያ ጀሪካን የሚድንበት መድኃኒት እንጨት ለምን አያድንም? ገበታውን ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጌ ጆንያ አለበስኩት። ነፋስ እንዳይገፈው ጫፍ ጫፉን ከሥር አጥፌ በጥቃቅን ምስማር መታሁ። ገዋኔ ቆምን፣ ውሃ ደፋሁበት። ሚሌ ቆምን፣ ደፋሁበት።

"ማሻአላህ" አለኝ ጀማል። "ይሄ ለእኔ ባልመጣልኝም ነበር።"

"ለማንም አይመጣለትም" አልኩት። እውነቴን ነበር።

ሎግያ ስንደርስ ጆንያውን ገፍፌ ምስማሮቹን በጉጠት ነቀልኩ። አንዷ አንገቷ ላይ ተቀነጠሰችብኝ። ትቀንጠስ፣ ከሥር ናት፣ ማን ያያታል?

ሰመራ የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ የተቀበለችን ሰዓዳ የምትባል የኮምቦልቻ ሴት ናት። ማሽኑን የምታሠራው እሷ ናት። ራሷን በሻሽ፣ አፍና አፍንጫዋን በጨርቅ ጠቅልላለች፤ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። እሱም ይበቃል፣ ሰው ይላጭበታል።

እኔ የመርከብ ታላቅ ወንድም ነበር የጠበቅኩት። ያሳየችን አንድ ትልቅ የብረት ሣጥን ነው።

"ይቺ ናት?" አልኩ።

"ይቺ ናት ጋሼ። ጥሎሽ ይዘህላት መጥተህ ነበር?"

ጎኗን ከፍታ አሳየችኝ። እኛ በእጃችን የምናሽባት የብርጭቆ ወረቀት አለች አይደል? እሷን እንደ አንሶላ አስፍታችሁ፣ ጫፍና ጫፏን አገናኝታችሁ፣ በወፋፍራም ሮለሮች ላይ እንደ ቀበቶ ስትሽከረከር አስቧት። ከሥሯ የጎማ ምንጣፍ አለ፤ እንጨቱን ተሸክሞ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለ ይዞ ይገባል። ቀበቶዋ እየተሽከረከረች ደግሞ ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች።

"ምነው፣ ሰክራለች?"

"አንድ ቦታ ላይ ብትደርቅ መስመር ትጥላለች። እንደ ሰው አንድ ወሬ ላይ አትቆምም።"

መጀመሪያ ሻካራው ቀበቶ ጉብ ጉብ ያለውን ይቆርጣል። ቀጥሎ መካከለኛው የሻካራውን ጭረት ያጠፋል። መጨረሻ ደቃቁ፣ ከኋላው ለስላሳ ትራስ ያለው፣ ይዳብሰዋል።

"በደቃቁ ጀምረን ብንገላገልስ?" አልኩ።

"ሳይታጠቡ ሽቶ መቀባት ይሆናላ!"

ገበታውን ከጀማል ጋር ሆና አነሳችው። ቅንድቧ ተሰበሰበ። "ለምን እንዲህ ከበደ?"

"የታዬ እጅ ያረፈበት ሁሉ ይከብዳል።"

"እሺ። ሁለቱንም ፊት እኩል እናውርድለት። አንድ ወገን ብቻ ከተነካ እንጨት ይቀየማል።"

"ኳስ በላይ ነው የምትሄደው! ለሥሩ ምን አስጨነቀን?" አልኩ። ጀማልም ቸኩሏል፣ ከእኔ ጋር ወገነ።

"እንጨቱ የእናንተ ነው" አለችና አስገባችው።

እሷ ትሠራለች፣ እኔ አወራለሁ። ስለ ወይራ ነገርኳት፣ ስለ ዋንዛ ነገርኳት፣ ስለ ዝንቧም ነገርኳት።

"ጋሼ ታዬ፣ በአላህ ዝም በልልኝ። ድምፅዋን ልስማ።"

"የማንን?"

"የማሽኗን። ጭነት ሲበዛባት ድምፅዋ ይለወጣል። በጆሮ ነው የምትሠራው።"

"የእኔስ ድምፅ?"

"ያንተ አይለወጥም። ችግሩ እሱ ነው።"

ብቻ ገበታው ሲወጣ፣ እውነት ለመናገር፣ ምራቄን ዋጥኩ። እንደ ውሃ ፊት ያበራል። ኳስ ለቀቅን፣ እንደ ጥይት ቀጥ ብላ ሄደች። ጨፈርኩ። "ነፋስ ይንካው" ብዬ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ በሩ ላይ አስደገፍኩትና ምሳ ሄድን። እኩለ ቀን ላይ ሰመራ ውስጥ የሚሠራ ፀሐይ ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ተጋደምን።

ስንመለስ ገበታው የግመል ኮርቻ ሆኖ ጠበቀን።

ጀማል አጋድሞ ኳሷን ከግራ ጠርዝ ለቀቃት፤ መሃል ገባች። ከቀኝ ለቀቃት፤ መሃል ገባች። መሬት ላይ ዘጭ አለና እግሩን ያሽ ጀመር።

"ታዬ፣ ሳፋ ነው የሠራህልኝ" አለ። "ልብስ ይታጠብበታል።"

"ማሽኗ ናት!" ብዬ ተነሳሁ። "በእኔ መላጊያ እንዲህ ሆኖ ያውቃል?"

ሰዓዳ ሰምታኝ ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። "ውሃ ነክቶታል እንዴ?"

ይሄኔ በኩራት ስለ ጆንያው ነገርኳታ! ከአዋሽ እስከ ሎግያ፣ አንድም ሳላስቀር። የአፍዋን ጨርቅ አውርዳ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ጀማልን አየችው፤ ሳቋን አቆመች።

"ውሃ የጠጣው ፊቱ አብጦ ነበር" አለችው። "ያበጠውን ነው የላግነው። አሁን ሲደርቅ ያ ወገን ተሰበሰበ፣ ሌላውን ጎተተው።"

"ማሽኗ ታዲያ ለምን አላቃናችውም?" አልኩ።

"ማሽኗ ውፍረቱን ነው እንጂ እኩል የምታደርገው ጠባይ አታርምም። ጠማማ ሲገባ ሮለሯ ይጫነዋል፤ ሲጫኑት ቀጥ ይላል፤ ላዩን ታለሰልሰዋለች። ሲለቁት ወደ ጠማማነቱ ይመለሳል። ለስላሳ ጠማማ ይሆናል።"

"እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ" አለ ጀማል፣ እኔን እያየ።

ሰዓዳ ውፍረቱን ለካችው፤ አንገቷን ነቀነቀች። "አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክራለን። ማሽኗ መውሰድ እንጂ መመለስ አታውቅም። ከዚህ በላይ ከሳሳ ኳስ ሲሄድበት እንደ ከበሮ ይጮሃል።"

ገበታው እስከ አረፋ ዋዜማ ጥላ ውስጥ፣ ከላይም ከሥርም ነፋስ እንዲያገኘው በእንጨት ቁራጮች ላይ ይጋደም ተባለ። ውሃ እንዳይቀርበው። እኔም እንዳልቀርበው።

"ሌላም አለ" አለች። "የምሠራ ቀን ጋሼ ታዬ አይናገርም። ትንፍሽ ካለ ማሽኗን አጠፋለሁ።"

"እህቴ" አለ ጀማል፣ ልመና በሚመስል ድምፅ፣ "ሌላ ነገር ጠይቂን። የሚቻል ነገር።"

ይሄ ነው የቆረቆረኝ። "እችላለሁ!" አልኩ። "በእናቴ ስም! ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ!" ሁለቱም ሳቁብኝ። አብረው።

ዋዜማው ደረሰ። ጀማል ገዋኔ ደውሎ ሚስቱን "ነገ ይዤ እመጣለሁ" ብሏታል፤ እሷም "ካልመጣህ አታገኘንም" ብላዋለች። ጠዋት ወደ ሥራ ቤቱ ስንገባ አፌን ዘጋሁ።

ሰዓዳ ገበታውን ጉብታው ወደ ላይ ሆኖ፣ ማለት የሥሩ ፊት ወደ ላይ ሆኖ፣ ቀጥ ባለ ወፍራም ጣውላ ላይ አስተኛችው። ከሥሩ ክፍተት በተገኘበት ሁሉ ሽብልቅ እየከተተች በኮላ ያዘችው። ገባኝ፤ ሮለሩ ሲጫነው ሐሰተኛ ቀጥተኛ እንዳይሆን ነው። "ጎበዝ!" ልል አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። አንገቴ ላይ ያለች ደም ሥር እየዘለለች ነበር።

ቀጥላ ፊቱን በሙሉ በእርሳስ ሞነጫጨረችው። "እርሳሱ የጠፋበት ተልጓል፣ የቀረበት ገና ነው" አለችው ጀማልን። እኔን አታየኝም፣ ፈተና ላይ ነኝ።

ማሽኗ ተነሳች። እሷ ታስገባለች፣ እኔ በወዲያኛው ጫፍ እቀበላለሁ። አንዴ አለፈ፤ መሃል ያለው እርሳስ ጠፋ። ሮለሩን እንደ ጨው ቆንጠር አድርጋ አወረደችው። ደግሞ አለፈ፤ እርሳሱ ወደ ዳር ሸሸ። ደግሞ። የቀረችው በጠርዙ በኩል እንደ መቀነት የቀጠነች ምልክት ናት። ገበታውን መልሼ ስሰጣት እዚያች መቀነት ውስጥ አንዲት ነጥብ አየሁ። ዙሪያዋን ጠቁራለች። ርጥብ እንጨትና ብረት ሲገናኙ እንዲህ ነው የሚያጠቁሩት።

ሎግያ! የተቀነጠሰችው ምስማር!

ሰዓዳ ሮለሩን አውርዳ ገበታውን ምንጣፉ ላይ ለቀቀችው። ያቺ ምስማር ቀበቶዋን ካገኘቻት ከላይ እስከ ታች ትቀድዳታለች፤ የተቀደደው ወረቀት ደግሞ ገበታውን አርሶት ይወጣል። ሌላ ሻካራ ቀበቶ የሚገኘው ከበዓል በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ነው። የጀማል ሚስት ግን ከበዓል በኋላ ባቲ ናት።

እጄን አወናጨፍኩ።

"ዝም በል አልኩህ እንጂ ዝፈን አላልኩህም!" አለችኝ ሰዓዳ።

"ተይው" አለ ጀማል፣ "ወሬው በእጁ በኩል ሲወጣ ነው።"

እንግዲህ "ለምን አትናገርም ነበር?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። አፌ ተከፍቶ ነበር። ግን ሁለቱን አየኋቸው፤ ፊታቸው ላይ ሳቅ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። "ምስማር" ብል "ይኸው አልቻለም!" ብለው ነበር የሚፈነዱት፤ እነሱ ስቀው እስኪጨርሱ ገበታው ሮለሩ ሥር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አውርቼ አውርቼ፣ ቃሌ በሚያስፈልግበት ቀን የሚያምነው ሰው አልነበረም። ዝንቧ በላችው።

ዘልዬ ቀዩን ማቆሚያ በመዳፌ መታሁት።

ማሽኗ ጓ ብላ ቆመች። ሰዓዳ ጨርቋን ከአፍዋ ገፍፋ መጣች። ያለችኝን አልጽፈውም፤ ወሎ ውስጥ ሲረግሙም በዜማ ነው። እኔ ጭጭ። ሮለሩን ከፍ አድርጋ ገበታውን ስትስበው እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አነሳሁና ነጥቧን ከበብኳት።

ጎንበስ አለች። በጥፍሯ ነካችው። ቲክ አለ።

የምስማሯ ጫፍ ቀበቶዋን ሊነካ ተቃርቦ ነበር።

"ማነው ይሄን የመታው?" አለ ጀማል።

እጄን አወጣሁ።

"ማነው ያስቆማት?"

ሌላውን እጄን አወጣሁ።

ሰዓዳ ሁለቱን የተነሱ እጆቼን አየችና፣ "እጅ ሰጥቷል፣ ማርኩት" አለች። ስቃ ግን አልነበረም።

ምስማሯን ፈልፍለን አወጣን። ቀዳዳዋን በዚያው እንጨት ስንጥር ደፈንን። እንደገና ተጀመረ። የሥሩ ፊት አለቀ፤ ከጣውላው አላቅቀን ገለበጥነው፤ የላዩ ተራ ሆነ። ሻካራው፣ መካከለኛው፣ ደቃቁ።

ወሬ ስለሌለኝ ጆሮዬ ሥራ ፈታ። ሥራ ሲፈታ መስማት ጀመረ። ማሽኗ ጉብታ ስታገኝ ድምፅዋ ይወፍራል፣ ያጉረመርማል። የሚቆረጥ ሲያልቅ ይቀጥናል፣ እኩል ይሆናል። አንዴ ድምፅዋ እኩል ሲሆንልኝ ሳላስበው ጣቴን አነሳሁ። ሰዓዳም ያኔውኑ እጇን ወደ ማቆሚያው እየሰደደች ነበር። ተያየን። ምንም አላለችኝም። እኔማ ምን ልላት!

ገበታውን ጥላ ውስጥ አስተኝተን ቀትሩ እስኪያልፍ ጠበቅን። ያን ቀን ማንም አልተጋደመም። ጀማል እንደ አስታማሚ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቀረ። ፀሐዩ ሲበርድ ኳሷን ከኪሱ አወጣ፣ "ቢስሚላህ" አለና ለቀቃት። ሄደች። ሄደች። ደከማት። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል ቆመች። ከሌላኛው ጎን ለቀቃት። ቆመች። በማዕዘን ለቀቃት። ቆመች።

ጀማል ጉንጩን ገበታው ላይ አሳረፈ። "አልሃምዱሊላህ" ነው ያለው፣ እሱንም ለእንጨቱ በጆሮው።

"ጋሼ ታዬ" አለች ሰዓዳ፣ "ፀሐይ አዘቀዘቀች። ተፈቅዶልሃል፣ ተናገር።"

ሁለቱም እኔን ማየት ጀመሩ። አፌን ከፈትኩ። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀምኩት ሁሉ የለም። ፈለግኩት፣ የለም።

"ሻይ አለ?" አልኩ።

በማግስቱ ጀማል ከፈተ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ለስላሳውን ነገር አረንጓዴ ጨርቅ አልብሰን ማንም እንዳያየው አደረግን፤ ዕድሌ ነው። ሚስቱ ባቲ አልሄደችም፤ እንዲያውም እናቷ ናት ገዋኔ የመጣችው፣ ለዚህ ደግሞ ጀማል እስከ ዛሬ እኔን ይወቅሳል።

እኔም አዋሽን ለወንድሜ ትቼ ሰመራ ሥራ ገባሁ። ሰዓዳ "ጆሮ ያለው ሰው ያስፈልገኛል" ብላ አስጠራችኝ፤ አፍ እንዳለኝ ረስታው አይመስለኝም። አሁን ማሽኗ ስትሠራ አልናገርም፤ ስትቆም ግን ዕዳዬን እከፍላለሁ። ልዩነቱ፣ ድሮ ሰው ሲያወራኝ የእኔን ተራ ነበር የምጠብቀው። ዛሬ ድምፁ ሲወፍርና ሲቀጥን እሰማለሁ። እናንተም ሞክሩት። ስብሰባ ላይ ስንት ለስላሳ ጠማማ እንደሚያጋጥማችሁ ትደነቃላችሁ፤ ተጭነው ሲይዟቸው ቀጥ፣ ሲለቋቸው ኮርቻ።

ያላመነ ገዋኔ ይውረድና ጀማልን ይጠይቅ። ጀማል የሾፌር ዘር ነው፣ ለጨዋታ ብሎ ሊክደኝ ይችላል። ከካደ አትከራከሩት፤ ከረምቡላው ሥር ግቡና በጠርዙ በኩል ዳብሱ። ዙሪያዋ የጠቆረ፣ በስንጥር የተደፈነች ቀዳዳ ጣታችሁ ያገኛል። እሷን አይታችሁ ሰመራ ኑና ሰዓዳን ጠይቋት። ማሽኗ እየሠራች ከደረሳችሁ ግን በር ላይ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። እኔ ከቻልኩ እናንተን አያቅታችሁም።